ታብሌቶቹን ከመቀየርዎ በፊት እሁድን ይመርምሩ

ጥያቄ፦

«ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ላይ አነስ ያለች የአሳ ምግብ ቤት አለችኝ። ጠረጴዛዎቹ ከዋርካው ሥር ጀምሮ እስከ ውኃው ዳር ድረስ ውጭ ነው የተዘረጉት። ትዕዛዝ በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በታብሌት እንዲሆን ብዬ ስድስት ታብሌት ገዛሁ። አስተናጋጁ እንግዳው ፊት ሆኖ ይነካል፣ ወጥ ቤት ያለው ማተሚያ ትዕዛዙን ያወጣል። ኢንተርኔቴ ፋይበር ነው፤ ራውተሩ ካሸሯ ክፍል ተቀምጧል። ዋይፋዩ ግን ይቆራረጣል። በሥራ ቀን ጠዋት ደህና ነው፤ እሁድና በዓል ከሰዓት በኋላ አንዷ ስትይዝ ሌላዋ ትለቃለች። ሐይቁ ዳር ያሉት ጠረጴዛዎች ጋ ደግሞ ሁልጊዜም ችግር ነው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሪፒተር አሰቅዬ ነበር፣ አልተሻለም። ሁለቱ ታብሌቶች ቻርጅ ጨርሰው ብዙ ቀን ከተቀመጡ ወዲህ ዋይፋይ ይዘው እንኳ ኢንተርኔት አያወጡም። ያየልኝ ባለሙያ 'ርካሽ ስለሆኑ ነው፣ ይቀየሩ' አለኝ። ልቀይራቸው ወይ? የይለፍ ቃሉ ሜኑው ላይ ተጽፏል፣ እንግዳውም እኛም በአንድ ነው የምንጠቀመው።»
የሐይቅ ዳር ምግብ ቤት ባለቤት፣ ባሕር ዳር

መልስ፦

አይቀይሩ። ታብሌት ርካሽ ስለሆነች እሁድ እሁድ ብቻ አትታመምም። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት ስለ ሜኑው ያለችው ነገር ግማሹን መልስ ይዛለች፤ እንመለስባታለን።

«ይቆራረጣል» የሚለው ቃል ሦስት የተለያየ በሽታ ሸፍኖብዎታል፣ መድኃኒታቸውም አይገናኝም። ስለዚህ ምንም ከመግዛትዎ በፊት ለሦስት ቀን፣ አንዱ እሁድ ሆኖ፣ ካሸሯ ጋ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ታብሌቶቹ ጀርባ ላይ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ይጻፉባቸው። በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱ፣ የታብሌቷ ቁጥር፣ አስተናጋጁ የቆመበት ጠረጴዛና ስክሪኑ አናት ላይ ያለው የዋይፋይ ምልክት ሁኔታ ይመዝገብ። አስተናጋጆቹ መጀመሪያ ቀን ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ።

ከአራቱ ዋናው ምልክቱ ነው። ጨርሶ ከጠፋ፣ ታብሌቷ ራውተሩን ለቃዋለች ማለት ነው፤ ነገሩ የርቀት፣ የግድግዳ ወይም የመብራት ነው። «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» እያለ ቆይቶ ከከሸፈ፣ ራውተሩ ከበር ተቀብሎ መቀመጫ ነፍጓታል። ምልክቱ ኖሮ አጠገቡ ቃለ አጋኖ ካለ፣ ወይም «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ካለ፣ ታብሌቷና ራውተሩ ተገናኝተዋል፣ የጎደለው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን ሦስተኛውን ለማረጋገጥ የዋይፋዩን ስም ነክተው ዝርዝሩን ሲከፍቱ «ጌትዌይ» የሚል ቁጥር ያገኛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ያንን ቁጥር ብራውዘሩ ላይ ይጻፉት። የራውተሩ መግቢያ ገጽ ከመጣ የታብሌቷና የራውተሩ ግንኙነት ጤነኛ ነው። ያኔ ራውተሩ ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀልቶ እንደሆነ ይዩ፤ ከቀላ የፋይበሩ መስመር ተቋርጧል፣ ወደ ቴሌ 994 ከመደወል በቀር እርስዎ የሚያደርጉት የለም።

አሁን ወደ እሁድ።

ራውተር ለተገናኘው መሣሪያ ሁሉ አንድ አንድ አይፒ አድራሻ ያድላል። አድራሻዎቹ የተቆጠሩ ናቸው፤ እንደ ራውተሩ መቶም፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ገደማም ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያድለውም በኪራይ ነው፤ በብዙ ራውተሮች ላይ የኪራዩ ጊዜ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ነው። እንግዳው ቆሮሶውን በልቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ባጃጅ ይዞ ሲሄድ አድራሻውን አይመልስም። ስልኩ ከግቢው ቢወጣም ወንበሩ እስከ ነገ በእሱ ስም ተይዟል። በዚያ ላይ ደንበኞችዎ የይለፍ ቃሉን አንድ ጊዜ ስላስገቡ፣ ስልካቸው ከኪስ ሳይወጣ በሩን ሲያልፉ በራሱ ይገናኛል። እሁድ ጠዋት ራውተሩ ብዙ ባዶ ወንበር አለው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ሞልቷል። ያን ጊዜ ቻርጅ ልታደርግ ጠፍታ የነበረች ወይም ለአፍታ ከሞገዱ የወጣች ታብሌት ስትመለስ የሚጠብቃት «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» ነው። አንዷ ስትይዝ ሌላዋ የምትለቀውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ለጊዜው ይፈውሳል፣ ብዙዎቹ ያደሉትን መዝገብ ይረሳሉና። ሆኖም ሌላ ጣጣ አለው፦ ያደለውን የረሳ ራውተር ያንኑ አድራሻ ለሁለት መሣሪያ ሊሰጥ ይችላል፣ ያኔ ሁለቱም ይሰናከላሉ። አጥፍቶ በማብራት የተሻለ የመሰለው ችግር በግማሽ ሰዓት ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ይህን ይጠርጥሩ።

ሁለተኛው የእሁድ ጣጣ የአድራሻ ሳይሆን የትከሻ ነው። ለቤት የተሠራ ራውተር በአንድ ጊዜ ሠላሳ ምናምን መሣሪያ ሲንጠለጠልበት አዲስ አይቀበልም፣ ወይም የያዘውን ይጥላል። ከመካከላቸው አምስቱ ቪዲዮ እያዩ ከሆነ፣ የእርስዎ «ሁለት ቆሮሶ ጥብስ፣ አንድ ዱለት» የምትል ጥቂት ፊደል እንኳ ወረፋ ትጠብቃለች።

መፍትሔው የእንግዳውንና የሥራውን መለየት ነው። ብዙ ራውተሮች «ጌስት» የሚል የእንግዳ ዋይፋይ መክፈቻ አላቸው፣ ጥሩ ጅማሬ ነው። ነገር ግን በብዙዎቹ ላይ የእንግዳውም የቤተኛውም አድራሻ ከአንድ ቋት ነው የሚቀዳው፤ ስም ብቻ መለየቱ የወንበሩን ጉዳይ አይፈታም። ስለዚህ የኪራይ ጊዜውንም ወደ አንድ ሰዓት ያውርዱት። ራውተሩ ገጽ ላይ «ዲኤችሲፒ» በሚለው ሥር «ሊዝ ታይም» ይባላል፤ በሰከንድ የሚጠይቅ ከሆነ 3600 ይጻፉ። የቴሌው ሳጥን (ከፋይበሩ ጋር የመጣው ራውተር) ይህን ክፍል ካልከፈተልዎ 994 ደውለው ይጠይቁ።

እኛ ለእርስዎ የምንመርጠው ግን ሁለተኛ ራውተር ነው። ውድ አይሁን፤ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ሌላ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድም የሚያወጣ ተራ የቤት ራውተር ይበቃል። ከቴሌው ሳጥን «ላን 1» ከሚለው ቀዳዳ ኬብል አውጥተው አዲሱ ራውተር ላይ ቀለሙ ከሌሎቹ ተለይቶ «ዋን» የሚል ቀዳዳ ውስጥ ይሰኩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል፦ ኬብሉን አዲሱ ራውተር «ላን» ላይ ይሰካዋል፣ ከዚያ ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ አዳይ ሆነው ይጋጫሉ። ሌላው ስህተት የአዲሱን ራውተር የራሱን ቁጥር እንደነበረ መተው ነው። የቴሌው 192.168.1.1 ከሆነ አዲሱን 192.168.10.1 ያድርጉት፣ አለበለዚያ መንገዱ ይምታታበታል። ከዚህ በኋላ አዲሱ ራውተር ከቴሌው ሳጥን የሚፈልገው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ ያችንም ቴሌው ሳጥን ላይ በስሙ ያስይዙለት። ስድስቱ ታብሌቶችና ማተሚያው ከአዲሱ ሥር ይገባሉ፣ እንግዳው ሦስት መቶ ቢሆንም አድራሻቸውን አይነካባቸውም።

ማተሚያው በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ይገናኝ። ቆሞ የሚውል ዕቃ ሞገድ ላይ ምን ይሠራል? ቋሚ አድራሻ ይስጡት፤ ለምሳሌ አዲሱ ራውተር ከ100 እስከ 150 የሚያድል ከሆነ ማተሚያውን 192.168.10.50 ያድርጉትና ይህንኑ ቁጥር ስድስቱም ታብሌቶች ላይ የትዕዛዝ መተግበሪያው ውስጥ ይቀይሩ። መተግበሪያውን የሸጠልዎትንም አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ትዕዛዙ ከታብሌቷ በቀጥታ ወደ ማተሚያው ነው የሚሄደው፣ ወይስ በኢንተርኔት ዞሮ ነው የሚመጣው? በቀጥታ ከሆነ የፋይበሩ መስመር ቢቋረጥም ሥራዎ አይቆምም። ያኔ ግን ታብሌቷ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም፣ ልቆይ ወይ?» ብላ ስትጠይቅ «አዎ» ተብላ ምርጫው እንዲታወስ መደረግ አለበት። ሲም የሚወስዱ ከሆነም «ዋይፋይ ሲደክም ወደ ዳታ ቀይር» የሚለው ይጥፋ፤ ወደ ዳታ የዞረች ታብሌት ማተሚያውን አታየውም።

ሁለቱን ሕመምተኞች በተመለከተ፣ ምንም ሳይነኩ የቀን መቁጠሪያቸውን ይክፈቱ። ቻርጅ ጨርሳ ብዙ ቀን የተቀመጠች ታብሌት ስትነቃ ቀኗን ልትረሳ ትችላለች፣ ከዚያ አንድ ደግ ሠራተኛ በእጁ ያስተካክልላታል። በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ! ታብሌቷ የምታውቀው የፈረንጆቹን ነውና ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደች ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለ ደኅንነቱ የተጠበቀ ገጽ ሁሉ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል» የሚል የምስክር ወረቀት ይዞ ነው የሚቀርበው። በታብሌቷ ቀን ሲታይ ያ ወረቀት የሥራ ዘመኑ ገና አልጀመረም፤ ሐሰተኛ ነው ብላ ትመልሰዋለች። ውጤቱ ልክ እርስዎ እንደጻፉት ነው፦ ዋይፋዩ ይዟል፣ ኢንተርኔት የለም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት የሆነውን «8፡00» ብሎ ያስገባ ሰው በስድስት ሰዓት ያዛንፋታል፣ የዕለቱ የትዕዛዝ መዝገብም ከሒሳቡ ጋር አይገጥምም።

ሴቲንግ ውስጥ «ቀንና ሰዓት» ገብተው ሁለቱንም «አውቶማቲክ» ያድርጉ፣ የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ፣ ጂኤምቲ +3 ይምረጡ። አውቶማቲኩ ከኢንተርኔት ሰዓት መሳብ ካልቻለ መጀመሪያ በእጅዎ የፈረንጆቹን ዓመት፣ ወርና ቀን ከስልክዎ አይተው ያስገቡ፣ ከዚያ አውቶማቲኩን ያብሩ። ከሁለቱ አንዷም በዚህ ካልዳነች እንነጋገራለን፣ ግን የምትድን ይመስለናል።

ሐይቁ ዳር ያለው ጉዳይ የተለየ ነው። እዚያ ሕመሙ በሥራ ቀንም በእሁድም ስላለ ከእንግዳ ብዛት ጋር አይያያዝም፤ ሞገዱ አይደርስም። «ምልክቱ እኮ ሁለት ሦስት መስመር አለው» ይሉ ይሆናል። ራውተር ከሶኬት ኃይል እየሳበ፣ ረጃጅም አንቴና ይዞ ጮክ ብሎ ይናገራል። ታብሌቷ ባትሪዋን እየቆጠበች፣ በቀጭን አንቴና ዝግ ብላ ትመልሳለች። የእሱ ድምፅ እሷ ጋ ይደርሳል፣ የእሷ እሱ ጋ አይደርስም። ስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች የሚለኩት የእሱን ድምፅ ብቻ ነው።

ስለዚህ በመስመር ሳይሆን በቁጥር ይለኩ። «ዋይፋይ አናላይዘር» የሚባል ዓይነት ነፃ መተግበሪያ አንድሮይድ ላይ ይጫኑ። የሚያሳየው ቁጥር በዲቢኤም፣ በሞገድ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ስላለው ከምልክቱ ኋላ ያለው ቁጥር ሲያንስ ነው ጥሩ የሚሆነው። ከ−50 እስከ −60 እጅግ ጥሩ፣ −67 ለሥራ የሚያስተማምን ነው። −70 ላይ መንገዳገድ ይጀምራል፤ −80 ካለ ታብሌቷን አይውቀሷት። በየሦስት ዲቢኤሙ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ−67 ወደ −73 መውረድ ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎ፤ ሩብ ነው የቀረው። ስትለኩ ታብሌቷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ አይሁን። አስተናጋጁ እንደሚይዛት ደረቱ ላይ ይያዛት፣ ጀርባውን ለራውተሩ ይስጥና ይቁም። የሰው ገላ ውኃ ስለሆነ ሞገድ ይውጣል፤ በሥራ ሰዓት የሚያጋጥመው ይኸው ነው።

ያለ ወጪ ከሚሠራው ይጀምሩ። ራውተሩ ካሸሯ ክፍል የት ነው ያለው? ብረት ካቢኔ ላይ፣ ፍሪጅ ኋላ ወይም መሬት ላይ ከሆነ ያንሱት። ከመሬት ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደ ግቢው በሚያየው መስኮት አጠገብ፣ አንቴናዎቹ ቆመው ይሰቀል። የብሎኬት ግድግዳ ሞገድን ያዳክማል፣ ቆርቆሮ ግን ጭራሽ ይመልሰዋል። ወጥ ቤትዎ በቆርቆሮ የታጠረ ከሆነ ከጀርባው ያሉት ጠረጴዛዎች በጥላ ውስጥ ናቸው። ዋርካውም ራሱ በክረምት ቅጠሉ ዝናብ ጠጥቶ ሲከብድ በበጋ ያሳልፈው የነበረውን ያህል አያሳልፍም፤ ሐምሌ ላይ ለክተው ጥሩ ካገኙ ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ነው። ከቤት ውጭ ለራቀ ጠረጴዛ 2.4 ጊጋኸርዝ ይሻላል፣ ከ5ቱ የበለጠ ርቆ ይሄዳልና። 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ለአጭር ርቀት።

ሪፒተሩን ያውርዱት። ሪፒተር የሚደግመው የሰማውን ነው፤ ደካማ የሚሰማበት ቦታ ከተሰቀለ ድካሙን ነው የሚያባዛው። ደህና ቢሰማም አብዛኛው ርካሽ ሪፒተር በአንድ ቻናል ሰምቶ በዚያው ስለሚናገር ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። የእርስዎ ደግሞ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ማይክሮዌቭ አለዎት? ማይክሮዌቭ የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፣ ከዋይፋዩ ጋር አንድ ሰፈር፤ በሩ ትንሽ የላላ ከሆነ ምግብ በሚያሞቅባቸው ደቂቃዎች ዙሪያውን ያደነቁራል። ደብተርዎ ላይ ወጥ ቤቱ አጠገብ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ለሁለት ለሁለት ደቂቃ የሚመጣ መቋረጥ ካገኙ ሌላ ጥፋተኛ አይፈልጉ።

ለሐይቁ ዳር የሚበጀው በኬብል የሚሄድ የውጭ አክሰስ ፖይንት ነው፤ ከራውተሩ በኬብል የተቀበለውን በዋይፋይ የሚያሰራጭ ሳጥን ማለት ነው። ከአዲሱ ራውተር እስከ ግቢው መካከል ኬብል ይዘርጋ፤ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ኬብሉ ካት 6፣ ለውጭ የተሠራ ጥቁር ልባስ ያለው፣ ውስጡም ንጹህ መዳብ ይሁን። ገበያው ላይ ብዙው መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ጫፉን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ከወጣ ይተዉት። አክሰስ ፖይንቱ መብራቱንም በዚሁ ኬብል ስለሚወስድ አልሙኒየሙ ኃይሉን መንገድ ላይ ያባክነዋል፣ ከዚያ ዕቃው በየሰዓቱ እየጠፋ ይነሳል። መሬት ለመሬት የሚሄደው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይቀበር፤ አትክልተኛ ያለበት ግቢ ነው፣ ዶማ አይምርም።

አክሰስ ፖይንቱን ሲገዙ ሳጥኑ ላይ «አይፒ 65» ወይም ከዚያ በላይ የሚል የውኃና የአቧራ መከላከያ ደረጃ ይፈልጉ (ስሙ ይመሳሰል እንጂ ከላይ ካወራነው አይፒ አድራሻ ጋር ዘመድ አይደለም)። ሦስት ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይሰቀል። ፊቱ ወደ ጠረጴዛዎቹ ይዙር፤ ወደ ውኃው ካዞሩት ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ነው ዋይፋይ የሚያገኘው። ኬብሉ የሚገባው ከታች ነው። ከመግባቱ በፊትም አንድ ጊዜ ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ታጥፎ እንደገና ሽቅብ ይውጣ። ዝናቡ ኬብሉን ተከትሎ ሲወርድ ከታጠፈበት ሆድ ላይ ይንጠባጠባል፣ ወደ ሶኬቱ አይዘልቅም። ይህች አንዲት መታጠፊያ በመዘንጋቷ ስንት ዕቃ በአንድ ክረምት ዝጎ ይጣላል።

ክረምት ካነሳን አይቀር፣ መብረቅ። የፋይበሩ መስመር መስታወት ስለሆነ መብረቅ አይመራም፤ ግቢውን አቋርጦ የሚሄደው የመዳብ ኬብልና የሶኬቱ መስመር ግን ይመራሉ። ነጎድጓድ ሲቃረብ የአክሰስ ፖይንቱ ኬብል ከራውተሩ፣ የራውተሮቹም አዳፕተር ከሶኬት ይነቀሉ። የኬብል መብረቅ መከላከያ መግጠም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በትክክል መሬት ካልተያዘ ጌጥ ነው።

አዲሱ ራውተርና አክሰስ ፖይንቱ አንድ ስም፣ አንድ የይለፍ ቃል፣ አንድ ዓይነት የደኅንነት ምርጫ ይኑራቸው፤ አስተናጋጁ ሲራመድ ታብሌቷ ሳትጠይቅ ከአንዱ ወደ ሌላው እንድትሻገር። ታብሌቶቹ የቆዩ ከሆኑ ደኅንነቱን «ደብልዩፒኤ 2» ብቻ ያድርጉት፤ ከ3 ጋር የተደባለቀው ምርጫ አሮጌዎቹን ያስቸግራቸዋል። ቻናሉን «አውቶ» ላይ አይተዉት፣ በሥራ መሃል ቻናል ሲቀይር ሁሉም ለአፍታ ይወድቃሉ። በ2.4 ላይ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በአናላይዘሩ የጎረቤት ሆቴሎችና ካፌዎች የሞሉበትን ይዩ፣ ከዚያ የቴሌውን ሳጥን፣ አዲሱን ራውተርና አክሰስ ፖይንቱን በሦስቱ ላይ ይበትኗቸው፤ ስፋቱ 20 ሜጋኸርዝ ይሁን። በ5 ላይ ከ36 እስከ 48 ካሉት ይምረጡ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ራውተሩ የራዳር ሞገድ የሰማ ሲመስለው ለቅቆ እንዲወጣ ግዴታ ያለባቸው ናቸው። የአክሰስ ፖይንቱን ኃይል ደግሞ «ሃይ» ላይ አይስቀሉት፣ «ሚዲየም» ይበቃል። ከመጠን በላይ የሚጮህ ከሆነ ታብሌቷ ካሸሯ ፊት ቆማም ሐይቁ ዳር ያለውን የሙጥኝ ትላለች።

መብራት። ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ራውተሩ ከጠፋ፣ ተነስቶ መስመር እስኪይዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ መብራቱ ተመልሶ ሲቀየር ደግሞ ሌላ ሁለት ሦስት። ለራውተር የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ትንሽ ሳጥን ይግዙ። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፣ 12 ቮልት ከሆነ 12፣ 9 ከሆነ 9። 12 ቮልት ግማሽ አምፒር የሚጠቀም ራውተር 6 ዋት ነው የሚበላው፤ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ዩፒኤስ አራት አምስት ሰዓት ያቆየዋል። ያረጀ አዳፕተርም ይጠርጠር፤ ሥራ ሲቀል 12 ቮልት ይሰጣል፣ ሥራ ሲበዛ ይወርዳል፣ ራውተሩም ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ይህም እሁድን ይመስላል። ሁሉም ታብሌቶች በአንድ ቅጽበት ከወደቁና የራውተሩ መብራቶች እንደ አዲስ ሲበሩ ከታዩ፣ መጀመሪያ አዳፕተሩን በተመሳሳይ ቮልትና በማያንስ አምፒር ይቀይሩ።

ታብሌቶቹ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። የትዕዛዝ መተግበሪያውን ባትሪ ምርጫ «ያልተገደበ» ያድርጉት፣ ያለዚያ አሥር ደቂቃ ባንኮ ላይ ተኝታ የቆየች ታብሌት ስትነሳ ግንኙነቷ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። በቆዩት አንድሮይዶች ላይ «በእንቅልፍ ጊዜ ዋይፋይ ይቆይ» የሚል አለ፣ «ሁልጊዜ» ይሁን። ባትሪ ቆጣቢው ይጥፋ፣ ከ20 በመቶ በታች ሳይወርዱ ይሞሉ። የተቀመጡ ዋይፋዮችን ዝርዝር ከፍተው ከእርስዎ በቀር ሁሉንም «እርሳ» ይበሏቸው፤ አስተናጋጁ አንድ ቀን የጎረቤቱን ሆቴል ዋይፋይ አስገብቶ ከሆነ አጥሩ ዳር ስትደርስ ወደዚያ ልትኮበልል ትችላለች። አድራሻ በስማቸው ማስያዝ ከፈለጉ ደግሞ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ታብሌት ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የፈጠራ መለያ ቁጥር እንደምትሰጥ ይወቁ፤ በዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ «ፕራይቨሲ» የሚለው ጋ የመሣሪያውን እውነተኛ ማክ አድራሻ እንድትጠቀም ያድርጉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዲት ብቻ ከቀረች ስድስቱንም ከራውተሩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ደርድረው ይለኩ። አምስቱ −45 ሲሉ እሷ −75 ካለች ወድቃ የውስጥ አንቴናዋ ሽቦ ተነቅሎ ይሆናል፤ ያቺን ጥገና ቤት ይውሰዷት። ብረት ያለበት ሽፋን ለብሳ እንደሆነ ግን መጀመሪያ አውልቀው ይለኩ።

የእንግዳውንና የሥራውን የዋይፋይ ስም ሲለዩ፣ ሜኑው ላይ ያለው የድሮው ስምና የይለፍ ቃል ለእንግዶቹ ይቅር፤ የደንበኛው ሁሉ ስልክ ያውቀዋል፣ ሜኑም እንደገና አያሳትሙም። አዲሱ ስም ለታብሌቶቹ ይሁን፣ የይለፍ ቃሉንም እርስዎ ራስዎ ያስገቡ። እያንዳንዷ ታብሌት ላይ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ፒን ይደረግ። አንድሮይድ ላይ «ሼር» የሚለውን የነካን ሰው የሚያቆመው ያ ፒን ብቻ ነው፤ ከሌለ የይለፍ ቃሉ በኪውአር ኮድ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ በሳምንቱም የአስተናጋጆቹ ስልክ ሁሉ አዲሱ ራውተር ላይ ተሰልፎ ያገኙታል።